ከአራሷ ራስጌ የነበረው ካራ

ተረት የምትሹ ሌላ ቤት ሂዱ።

ይህ በቤቴ የሆነ ነው። በዓይኔ ያየሁት፣ በእጄ የዳሰስኩት። ውሸት ነው የሚል ካለ ጋፋት ይምጣና የተሰበረውን የጎታዬን አፍ ይመልከት። ከዚያ በኋላ ደፍሮ ውሸታም ይበለኝ።

ሰዓቱን ልንገራችሁ። ሌሊት አይደለም። እናንተ በስልካችሁ የምታነቡት ጉድ ሁሉ ሌሊት ነው፤ ሰይጣን ቀን ቀን እንቅልፍ የሚወስደው ይመስል!

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር። ቀትር። የሰው ጥላ ከእግሩ ስር ገብቶ የሚጠፋበት ሰዓት።

ቦታው ከደብረ ታቦር በእግር ብዙ የማያስኬድ ነው። ጋፋት፣ የኔ የጥሩወርቅ ቤት።

ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ፊደል የቆጠሩት ያላዩትን አይቻለሁ። እኔ እናገራለሁ፣ የምትጽፍልኝ አለች። ማን እንደሆነች ስትደርሱበት ታውቋታላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው...

አንዱአምላክ የሚባል የልጅ ልጅ አለኝ። እናት አባቱ አርፈው እኔ ያሳደግሁት ነው። ያሳደግሁት መስሎኝ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት አንዲት ልጅ ከስምንተኛ ክፍል ነጥቆ፣ ሆዷን አስገፍቶ አመጣልኝ።

እፀገነት ትባላለች።

ክንዷ የማሽላ አገዳ። አንገቷ ቢነኩት የሚቀነጠስ።

"ስንት ዓመትሽ ነው?" አልኳት።

"አስራ ስድስት ሞላኝ።"

ሞላኝ ካለች ይሙላላት! እኔ ግን ያየሁት ገና ጥርሷን ነቅላ ያልጨረሰች ልጅ ነው።

ጀግናው ባሏ ምን አደረገ? የመውለጃዋ ወር ሲቃረብ "ሰሊጥ አጨዳ" ብሎ መተማ ገባ። ወንድ ልጅ ሥራ የሚወደው እንዲህ ያለ ሰሞን ነው።

በጥቅምት ጤና ጣቢያ ወለደች። ሁለት ቀን አምጣ። ወንድ ልጅ። ቤት ስትገባ እኔና ጎረቤቴ ፈንታነሽ ሰባት ጊዜ እልል አልን። እሷ እልልታውን ስትሰማ ምን አደረገች መሰላችሁ?

ጆሮዋን ያዘች።

እንግዲህ አገራችንን ለማታውቁ ልንገራችሁ። በእኛ ዘንድ አራስ ብቻዋን አትተውም። ወንድ ከወለደች አርባ ቀን፣ ሴት ከወለደች ሰማንያ ቀን፤ ልጁ ክርስትና እስኪነሳ ድረስ። ከራስጌዋም ብረት ይቀመጣል። ሰይጣን ብረት ይፈራል። ለአራስ ደግሞ የሚቋምጥላት ሰይጣን ብዙ ነው።

የኔ ብረት ካራ ነው። እጀታው ቀንድ ነው፤ ቀንዱ ላይ አንድ ስንጥቅ አለው። የአማቴ ነበር። ከአማቴ በፊት የአማቷ። ስንት አራስ ጠብቋል መሰላችሁ!

እኔም በአስራ ሦስት ዓመቴ ስወልድ ከራስጌዬ የነበረው እሱው ነው።

የበኩር ልጄ ሴት ነበረች። በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ በቀትር፣ ትንፋሿ ጠፍቶ ተገኘች። የቀትር ጋኔን ወሰዳት አሉ። እኔ ተኝቼ ነበር። ክርስትና ስላልተነሳች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ በመቀነቴ ጠቅልለው ቀበሯት። ቀይ ጥለት ያለው፣ አንድ ጫፉን እሳት የበላው መቀነት። ከዚያ ተነስቼ ውኃ ቀዳሁ። ግድግዳ እያየሁ አልተጋደምኩም።

እሷ ግን ግድግዳ ታያለች።

ከነጋ እስኪመሽ... ግድግዳ። ገንፎው ይቀዘቅዛል። ልጁ ያለቅሳል። እኔ አነሳዋለሁ፣ ጡቷን እኔ አውጥቼ አጎርሰዋለሁ። እሷ ያ ጡት የሌላ ሰው የሆነ ይመስል ወደ ግድግዳው ታያለች።

"የዛሬ ልጆች!" አልኩ ለፈንታነሽ። "ባል ሲሉ ይሮጣሉ፣ ልጅ ሲመጣ ይተኛሉ።"

"ማርገዙን የቻለ ማሳደጉን አቃተው!" ፈንታነሽ ናት። ምላሷ ከኔ አይሻልም።

ተሳሳቅን።

አራሷ ትሰማለች። ይሰማት ብለን ነው የምንናገረው።

ከዚያ ቅቤው መጣ።

በአምስተኛው ቀን አናቷ ላይ ቅቤ አደረግሁላት። የተቀመጠችው እሳቱ አጠገብ ነው። ጠዋት ያደረግሁላት ቅቤ በግንባሯ መውረድ ነበረበት።

ሲመሽ አየሁት።

እንዳለ ነው። የጣቴ አሻራ እንኳ አልጠፋም። ነካሁት... በረዶ።

"በርዶሻል?"

ግድግዳዋን ታያለች።

"አንቺን ነው የማናግር!"

"አላውቅም፣ እማማ።"

መብረዱን የማያውቅ ሰው አይታችኋል?

ቀጥሎ ልጁ።

ጠዋት ያለቅሳል፣ ማታ ያለቅሳል፤ ጤነኛ ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ግን... ጭጭ።

ተኝቶ አይደለም። ዓይኑን አፍጥጦ ከእናቱ ራስጌ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ ያያል። ገና አስር ቀን ያልሞላው ልጅ!

እናቱ ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንድ ቀን ቀስ ብዬ ተጠጋሁና ጆሮዬን ሰጠሁ።

"አላደርገውም... አላደርገውም... አላደርገውም..."

"ምኑን ነው የማታደርጊው?" ጮህኩባት። "እቃ ማጠብ ከሆነ መች አዘዝኩሽ!"

ደንግጣ ዞረች። ዓይኗ እኔ ላይ አላረፈም። ትራሷ ላይ አረፈ።

"እማማ..."

"ምን ሆንሽ?"

"ካራውን ይውሰዱልኝ።"

"ለምን?"

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ትራሱ እንዳይሰማት የፈራች ትመስላለች።

"ያየኛል።"

ፀጉሬ ቆመ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ ፀጉሬ ቆመ። ብረት የሚፈራ ማን ነው? ሰይጣን ብቻ! እንግዲህ ይህ የሚለምነኝ የማን አፍ ነው?

በጥፊ አልኳት።

አላለቀሰችም። ጉንጯን ይዛ ወደ ግድግዳዋ ተመለሰች።

በማግስቱ በቀትር ካራው ከትራሱ ስር የለም።

ቤቱን ሁሉ አመስኩት። የት አገኘሁት? እንስራው ውስጥ። ከውኃው ስር ተጋድሟል።

አውጥቼ፣ አድርቄ፣ መለስኩት።

በሁለተኛው ቀን የምድጃው አመድ ውስጥ ተቀብሮ አገኘሁት። መለስኩት።

በሦስተኛው ቀን ከጓሮ ጎመኑ መሐል እስከ እጀታው ድረስ መሬት ተተክሎ አገኘሁት። መለስኩት።

እኔ እልኸኛ ነኝ። እሱም እልኸኛ ነው አልኩ። በአራተኛው ቀን ካራውን በጠፍር ከእንጨት መደቡ እግር ጋር አሰርኩት። ድርብ ቋጠሮ። ማጭድ ጨመርኩበት። አሁን ወዴት ትሄዳለህ አልኩ፣ ለጋኔኑ።

ስድስት ሰዓት ሆኖ ዞር ብዬ ብመለስ...

ጠፍሩ ተበጥሷል።

አልተቆረጠም። ታኝኳል። የጥርስ ምልክት አለበት፤ ትንንሽ፣ የሰው ጥርስ። ካራውም ማጭዱም ከበሩ ውጭ ተጥለዋል።

ፈንታነሽን ጠርቼ አሳየኋት። አማተበች።

"አንቺ ጥሩወርቅ፣ ይቺ ልጅ ብቻዋን አይደለችም።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ብረቱን አጥብቂው!"

ሁለት አሮጊት፣ በሁለታችን መቶ ሃምሳ ዓመት፣ አንድ ፍሬ አእምሮ የለን። ግን ያኔ ብልኅ ነን። ቄስ ማሩ መጥተው ቤቱን ጠበል ረጩ። ሲወጡ ከበሩ ላይ ቆም ብለው አንድ ነገር ተናገሩ።

"እመት ጥሩወርቅ፣ ልጅቷ ከጠበሉ አልሸሸችም። እጇን ዘርግታ ተቀበለች። እኔ እንጃ... ይህ ሌላ ነገር እንዳይሆን።"

እኔ እሳቸውንም ናቅኋቸው። ከዳዊት ሌላ ምን ያውቃሉ አልኩ።

በሃያኛው ቀን እመቤት መጣች። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ናት፤ ጃንጥላዋን ይዛ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ ጫማዋ ጭቃ እንዳይነካው በጣቷ የምትራመድ። ልጁን መዘነች። ከዚያ ከእፀገነት ጎን ተቀመጠችና እጇን ያዘች።

"ልጅሽን ስታይው ምን ይሰማሻል?"

"ምን ሊሰማት!" አልኩ እኔ። "ልጅ ነው፤ ምን ያሰማል?"

"እማማ፣ እሷን ልስማት።"

እፀገነት ወደ እመቤት ጆሮ ተጠጋች። ከዚያ ልሰማው ባልቻልኩት ድምፅ የሆነ ነገር አለቻት። የእመቤት ፊት ተለወጠ። ይዛኝ ወደ ደጅ ወጣች።

"እማማ ጥሩወርቅ፣ ይህ በሽታ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ይባላል። ልጅ ልጅ ስትወልድ፣ የሚረዳት ሲታጣ ይብሳል። አንዳንዴ ሰው የማይሰማውን ድምፅ እስከ መስማት ያደርሳል፤ እሷ እዚያ ደርሳለች። ዛሬውኑ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት እንውሰዳት።"

"ድብርት?" ሳቄ መጣ። "እኔም ክረምት ሲገባ ይደብረኛል። ሐኪም ቤት ልግባ?"

"አይቀልዱ። የሚያስፈራ ሐሳብ እየመጣባት ነው። ሐሳቡን አትፈልገውም፣ እየታገለችው ነው።"

"አርባ ሳይሞላት አራስ ከቤት አትወጣም!"

"ካልሆነ እንኳ ያን ካራ ከአጠገቧ ያርቁት። ስለት የሆነ ነገር ሁሉ ያርቁ።"

"ብረቱን ካነሳሁ ማን ሊጠብቃት ነው? አንቺ?"

"ሰው ይጠብቃት፣ እማማ።"

ሰው ይጠብቃት አለች!

በሩን አሳየኋት። "ከነገ ወዲያ መኪና ይዤ እመጣለሁ" ብላ ሄደች። ያች ሴትዮ ወልዳ አታውቅም፤ እኔን ልታስተምር! አልኩ። ካራውን አነሳሁና በትራሱ ስር ሳይሆን በትራሱ ሽፋን ውስጥ ሰፋሁት።

መንገድ ተዘግቶ ነው መሰለኝ በቀኗ አልመጣችም።

ሃያ ሦስተኛው ቀን ሆነ።

ከጠዋት ጀምሮ ደረቴን አንድ ነገር ተጫነኝ። ሃያ ሦስት... ለምን እንደከበደኝ ለራሴም አልነገርኩም።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል በጉና ተራራ በኩል ጥቁር ደመና ተነሳ። በኅዳር! ገብሴ አውድማ ላይ ተበትኗል። የዓመት እህላችን ነው። ጎታው ባዶ ከሆነ ሰንብቷል። ፈንታነሽን ጠራሁ፤ የለችም።

ነጠላዬን አደገደግሁ።

"አሁን መጣሁ" አልኳት።

እፀገነት ከግድግዳው ዞረች። በሃያ ሦስት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን በዓይኗ ያዘችው።

"አይሂዱ።"

"ገብሱ ሊበሰብስ ነው እኮ!"

"እማማ... ዛሬ አይሂዱ። ዛሬ ደክሞኛል።"

"ምን ሠርተሽ?"

"ዛሬ እሺ እላታለሁ።"

"ማንን?"

ልጁን አየሁት። ዓይኑን አፍጥጦ ከራስጌዋ በላይ ያያል።

ሄድኩ።

አራስ ብቻዋን አትተውም እያልኩ ስለፈልፍ የከረምኩት እኔ... ለነዶ ብዬ ሄድኩ።

አውድማው ድረስ ሮጥኩ። የበኩር ልጄ ስትሞት ያልሮጠ እግሬ ለገብስ ሮጠ። ግማሹን እንደሸፈንኩ ቀና ብል ደመናው የለም። ተገልጧል። አንዲት ጠብታ ሳትወድቅ። ፀሐይዋ መሐል አናቴ ላይ ቆማለች። መሬት ላይ ጥላዬን ፈለግሁት...

የለም።

ወደ ቤት ተመለስኩ።

በሩ ገርበብ ብሎ ተዘግቷል። ከደፉ ላይ አንድ ነገር እግሬን ነካኝ።

ካራው።

ከውስጥ በበሩ ስር ተገፍቶ ወጥቷል። ስለቱ ወደ ቤት፣ እጀታው ወደ ውጭ። ወደኔ።

ደም ፈለግሁበት። የለበትም። የትራሱ ክር ብቻ ተጠምጥሞበታል።

በሩን ገፋሁ።

መደቡ ባዶ ነው። ልጁ የለም።

እሷ ከምሰሶው ስር መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሁለት እጇን በገዛ መቀነቷ ከምሰሶው ጋር አስራለች። ቋጠሮውን በጥርሷ ነው ያጠበቀችው፤ ከንፈሯ ደም ለብሷል።

"ልጁስ?"

"ቀስ ብለው ይናገሩ..."

"ልጁን የት አደረግሽው?!"

"እባክዎ፣ እማማ። የት እንዳስቀመጥኩት ልረሳ እየታገልኩ ነው። አያስታውሱኝ።"

እንዲህ ያለ ቃል በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።

ፈለግሁ። ከመደቡ ስር... የለም። ከጋኑ ኋላ... የለም። ጓዳ... የለም። ቤቱ ጭጭ ብሏል። ቀትር ነው፤ ልጁ በቀትር አያለቅስም። ቢታፈን እንኳ አያለቅስም! የሚሰማው የኔ ትንፋሽ ብቻ ነው።

እሷ ዓይኗን ጨፍናለች። የት እንደምፈልግ እንዳታይ።

ያኔ...

እንጥስ!

"ይማርህ" አልኩ፣ ከልማድ።

ደግሞ እንጥስ!

ከጎታው ውስጥ ነው።

ጎታው እስከ ደረቴ ይደርሳል። ክዳኑን ገለጥ አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ እጄን ብሰድ አልደረስኩበትም። የወፍጮውን መጅ አነሳሁና የጎታዬን አፍ ሰበርኩት። አማቴ ከአፈርና ከጭድ የሠራችው፣ እንደ ዓይኔ የምጠብቀው ጎታ። ሰበርኩት።

ልጁ ከስር ጭድ ተነጥፎለት፣ በናቱ ነጠላ ተጠቅልሎ ተኝቷል። አፍንጫው የገብስ ብናኝ ለብሷል። አየኝ።

ከዚያ ክዳኑን አየሁት። ከክዳኑ ስር አንዲት እንጨት ሽጣለታለች።

አየር እንዲገባለት።

እዚያው ቆምኩ። ሰይጣን የያዘው ሰው አየር ያስባል? ጭድ ያነጥፋል? እንስራ ውስጥ፣ አመድ ውስጥ፣ ጎመን መሐል... ብረቱን ስትሸሽግ የከረመችው ልጁን ከብረቱ ልታድን ነው። ይዤ ስመልስ የከረምኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ከጋኔኑ ወገን የቆምኩት እኔ ነበርኩ!

ሄጄ ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ቋጠሮውን ልፈታ እጄን ሰደድኩ።

"አይፍቱኝ" አለች። "ሰዓቱ ይለፍ።"

እሺ አልኳት። በሰባ አምስት ዓመቴ ለልጅ እሺ ስል የመጀመሪያዬ ነው።

የቤቱ ጥላ ከደጁ ወጥቶ መሬት እስኪይዝ ድረስ ሦስታችን ከምሰሶው ስር ተቀመጥን። ያኔ ነው አፌ ሳላዘው የተከፈተ።

"እኔም ለምኜ ነበር።"

"ምን ብለው?"

"ካራውን ውሰጅልኝ ብዬ። አማቴን። በአስራ ሦስት ዓመቴ።"

"ምን አሉዎት?"

"ብረት የሚፈራ ሰይጣን ብቻ ነው ብላ በጥፊ መታችኝ።"

እፀገነት ጉንጬን አየችው። ከስድሳ ዓመት በላይ አልፎታል፤ እሷ ግን ምልክቱ ያለ ይመስል አየችው።

"ከዚያስ አንቱ ምን አደረጉ?"

"ተኝቼ ነበር።"

"ተኝቼ ነበር" አልኩ ደግሜ። እስከ ዛሬ የምለው ይህንኑ ነው።

አልጠየቀችኝም። ከእኔ ይልቅ ጨዋ ናት።

በዚያው ቀን ልጁን አዝዬ፣ እሷን ደግፌ ወጣሁ። ፈንታነሽ ከደጇ ቆማ "አርባ ሳይሞላት! ኧረ ጥሩወርቅ አበደች!" ብላ ጮኸች።

"አንቺ ደግሞ ዝም በይ! እስከ ዛሬ ባበድነው ይብቃን!" አልኳት።

እመቤት ከመንገድ ላይ አገኘችን። ወደኛው እየመጣች ነበር፤ በእግሯ፣ ያ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ። ልጁን ከጀርባዬ አውርዳ ተቀበለችኝ። ይቅርታ ልላት አስቤ ነበር፤ አፌ አልለመደም።

ደብረ ታቦር አስተኟት። ሐኪሟ አንድ በአንድ ጠየቀቻት፤ ኪኒን ሰጠቻት። እኔም ከአልጋዋ ስር ተኛሁ። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን እጇን እይዛታለሁ። "መጣች?" እላታለሁ። "መጣች" ትለኛለች። "አለሁ" እላታለሁ። ሌላ የማውቀው ጠበል የለኝም።

ከቀናት በኋላ "መጣች?" ስላት፣ "ዛሬ ከሩቅ ናት" አለችኝ። ገንፎ ጠየቀችኝ። ትኩስ ይሁን አለች።

አንድ ቀን ወደ ጋፋት ብቅ ብዬ ካራውን ለወርቁ ወሰድኩለት፤ ብረት ቀጥቃጭ ነው። ከፊቱ ቆሜ፣ ዓይኔ እያየ፣ የቀንዱን እጀታ እሳት ውስጥ ጨመረው። ገማ። ብረቱን ቀጥቅጦ ቀጥቅጦ መኮትኮቻ አደረገው። ትኩሱን መኮትኮቻ ውኃ ውስጥ ሲከተው የሰው ትንፋሽ የመሰለ ድምፅ ወጣ። ወርቁም ሰምቷል፤ ጠይቁት።

አርባኛው ቀን ደረሰ። ልጁ ክርስትና ተነሳ። እሷም በእግሯ ቆማ፣ በገዛ እጇ ታቅፋው። ቄስ ማሩ ማተቡን ሲያስሩለት አለቀሰ። እናቱ ሳቀች። የሳቋን ድምፅ ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት። ይህን የምትጽፍልኝ እሷ ናት። እኔ ስሳደብ ትስቃለች፣ ትጽፈዋለች። ስለ ባሏ ያልኩትን እንኳ አልሰረዘችውም።

የሚቀጥለውን ግን ነግሬያት አላውቅም። አሁን ነው የምትሰማው። ጻፊ ብያታለሁ።

የዚያኑ ዕለት፣ የክርስትናው ዕለት፣ እናትና ልጁን ከሰዉ ጋር ትቼ ቀድሜ ወደ ቤት መጣሁ። እንግዳ ይመጣል፤ ቤቱን ልክፈት ብዬ። ቁልፉ በአንገቴ ነው። ሌላ ቁልፍ የለም።

ከደጄ ስደርስ ጥላዬን ፈለግሁት። ከእግሬ ስር ገብቷል።

ቁልፉን አዞርኩ። በሩን ገፋሁ።

መደቡ ላይ ሰው አለ።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የተቀመጠች ልጅ። እፀገነት ቀድማኝ ደረሰች ብዬ ልጠራት ነበር... ግን ይቺ ታንሳለች። ትከሻዋ የሕፃን ነው። ብትበዛ አስራ ሦስት ዓመት። እኔ በኩሬን ስወልድ የነበርኩትን ታክላለች።

አናቷ ላይ ቅቤ አለ። አልቀለጠም።

ግራ እጇ ከመደቡ እግር ጋር ታስሯል። የታሰረበትን መቀነት አወቅሁት። ቀይ ጥለት አለው። አንድ ጫፉን እሳት በልቶታል።

አፈር ከለበሰ ስድሳ ሁለት ዓመት የሆነው መቀነት።

አልዞረችም። ቀኝ እጇን ብቻ ቀስ አድርጋ ወደ ኋላ፣ ወደኔ ዘረጋችው።

ካራውን ይዛለች።

በስለቱ በኩል ነው የያዘችው። ዓይኔ እያየ የተቃጠለው የቀንዱ እጀታ፣ ከነስንጥቁ... ወደኔ።

ከበስተኋላዬ፣ ከግቢው በር፣ የእንግዶቹ እልልታ ተሰማ። አንድ... ሁለት... ሦስት... እስከ ሰባት ቆጠርኩ።

እጇን አላጠፈችም።